ከጭንቅላቱ ጀምሩ፦ የጣናን ላቤዮባርበስ ዓሦች ለመለየት

ዓሣ ሊያጠኑ ባሕር ዳር የሚመጡ ተማሪዎች ገና ቦርሳቸውን ሳያወርዱ «የትኛውን ዘረ መል ብናነብ ይሻላል?» ይሉኛል። መልሴ አይለወጥም፦ መጀመሪያ ጭንቅላቱን አንብቡ። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዓሣ አጥባለሁ፣ እለካለሁ፣ ዓሣ የሚቆይበትን ፎርማሊን እበጠብጣለሁ፣ ጠርሙስ ውስጥ የመለያ ወረቀት እከታለሁ። ስም ሰጪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ዓሣው በእጄ ስለሚያልፍ ግን ስም የት ላይ እንደሚበላሽ አውቃለሁ። የሚበላሸው መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ውድ መሣሪያ አያቃናውም።

የምናወራው ላቤዮባርበስ ስለሚባለው ወገን ነው። ከካርፕ አስተኔ (ቤተሰብ) ነው፤ ባሕር ዳር ገበያ ላይ «ነጭ ዓሣ» ይሉታል። አርባ ምንጭ ሄዳችሁ በዚሁ ስም ብትጠይቁ የሚመዘንላችሁ የናይል ፐርች ስለሆነ የገበያ ስም ብቻውን መዝገባችሁ ላይ አይግባ። ጣና ውስጥ ከዚህ ወገን ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ተለይተው ተገልጸዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የበዙ የካርፕ ዘመዶች ሌላው ዝነኛ ምሳሌ የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ነበር። እዚያ ከውጭ የገቡ ዓሦችና ልክ ያጣ ማስገር ጨርሰዋቸዋል። ስለዚህ ጣና ላይ የምትሠሩትን ሥራ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አትደግሙትም።

ዓሣውን ለማግኘት ማለዳ ጀልባዎችና የደንገል ታንኳዎች ሲገቡ ወደ ዳር ውረዱ። ከመግዛታችሁ በፊት ሰላም በሉ፤ ከዚያ መረቡ የት እንደተጣለ፣ ዐይኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ መቼ እንደተነሣ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ከድንጋያማው ዳር ነው፣ ከሣሩ ውስጥ ነው ወይስ ከመሐል ሐይቅ?» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ሰው የማያገኘው መልስ የለም። ይህን መልስ እዚያው ቆማችሁ ጻፉት። ዝርያዎቹ ሐይቁን ተከፋፍለው የሚኖሩ ናቸውና የተያዙበት ቦታ ከመልካቸው የማያንስ ማስረጃ ነው። የመረቡ ዐይን ስፋትም ዓሣውን በመጠን ስለሚመርጥ «ትንንሾች የሉም» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት መረቡን ተመልከቱ።

ሙሉ ዓሣ ለመግዛት አቅም ከሌላችሁ ፊሌቶ የሚያወጡትን ሰዎች ተወዳጁ። ሥጋው ከተገፈፈ በኋላ ጭንቅላቱ ከነአከርካሪው ይቀራል። ልምምድ ለመጀመር ከዚህ የተሻለና የረከሰ ነገር የለም። ቢላው የስንጥቡን (የመተንፈሻውን) ክዳን እንዳይቆርጠው ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩ። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ስለሚደራ የሚሰማችሁ አይኖርም፤ ልምምዱን በሌላ ጊዜ አድርጉት።

ወደ ጠረጴዛው ስትመጡ ያልሆኑትን በማስወጣት ጀምሩ። ቆሮሶ በጀርባው ላይ ባሉት ተከታታይ እሾሆች፣ አምባዛ ቅርፊት በሌለው ቆዳውና በረጃጅም ጢሞቹ ወዲያው ይታወቃል። በሶ የሚባለውን ዓሣ ለመለየት የታችኛውን መንጋጋ ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ፤ ድንጋይ የሚፍቅበት እንደ ጥፍር የጠነከረ ስለት አለው። በሶ ቀድሞ ቫሪኮራይነስ በሚባል ሌላ ወገን ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ላቤዮባርበስ ውስጥ ያስገቡታል። የቆየ ጽሑፍ ስታነቡ በሁለቱም ስም ፈልጉት።

ከዚህ በኋላ የሚያታልሏችሁ ትንንሾቹ ዓሦች ናቸው። ጣና ውስጥ ኢንቴሮሚየስ የሚባሉ፣ አድገውም ከጣት ብዙ የማይበልጡ የካርፕ ዘመዶች ስላሉ የላቤዮባርበስ ጫጩት ሊመስሏችሁ ይችላሉ። ከጀርባ ክንፉ በታች ካለው የጎን ክፍል አንድ ቅርፊት በወረንጦ ንቀሉ፤ አጥባችሁ በሁለት ብርጭቆዎች መካከል አድርጉና በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። በላቤዮባርበስ ቅርፊት ላይ ያሉት መስመሮች ጎን ለጎን ተከታትለው ይሄዳሉ፤ በኢንቴሮሚየስ ላይ ግን ከመሐል ተነሥተው እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናሉ። ይህ ፈተና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ይህንን ሳያደርግ «ጫጩት» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሲገጥመኝ ጠርሙሱን መልሼ እሰጠዋለሁ።

እውነተኛዎቹን ጫጩቶች ደግሞ ለብቻ አስቀምጡ። የላቤዮባርበስ ትንንሾች እርስ በርስ በጣም ስለሚመሳሰሉ በመልክ ብቻ ዝርያቸውን ለመናገር አትሞክሩ። ወረቀቱ ላይ «ላቤዮባርበስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ምንም ነውር የለበትም። መምህሩ እንዳይቆጣ ተብሎ የተጻፈ የዝርያ ስም ግን ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ዓመታትን ይኖራል።

አሁን ለኩ። ዓሣውን አፉ ወደ ግራ እንዲያይ በቀኝ ጎኑ አስተኙት፤ በልማድ የሚለካውና ፎቶ የሚነሣው ግራው ጎን ነው። መደበኛ ርዝመት ማለት ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራት ክንፉ ሥር ያለው ነው። ሥሩ የት እንደሆነ ከጠፋችሁ ጅራቱን ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት፤ የሚሸበሸበው ቦታ እሱ ነው። የጭንቅላት ርዝመት ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ስንጥብ ክዳኑ አጥንት የኋላ ጠርዝ ነው። ከዚያ የዐይኑን ስፋት፣ የታችኛውን መንጋጋ ርዝመት፣ የሰውነቱን ቁመት፣ የጢሞቹን ርዝመት ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ውሰዱ። ላቤዮባርበስ ሁለት ጥንድ ጢም አለውና የፊተኛውንና የኋለኛውን ለየብቻ መዝግቡ።

ልኬቱ እንዲያው ቁጥር ሆኖ አይቅር። የጭንቅላቱን ርዝመት ለመደበኛው ርዝመት አካፍሉ፤ መደበኛ ርዝመቱ 300 ሚሊ ሜትር፣ ጭንቅላቱ 75 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25 በመቶ ነው። የዐይንንና የመንጋጋን ልኬት ደግሞ ለጭንቅላቱ ርዝመት አካፍሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዓሣ ሲያድግ ዐይኑ ከጭንቅላቱ እኩል አያድግም፤ የትንሹ ዓሣ ዐይን በንጽጽር ሁልጊዜ ትልቅ ነው። ስለዚህ ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩን ከባለ 45 ሳንቲ ሜትሩ ጋር አወዳድራችሁ «ይህኛው ባለ ትልቅ ዐይን ዝርያ ነው» አትበሉ፤ እኩያን ከእኩያ ጋር አሰልፉ።

የማወዳደሪያው ማዕከል ኢንተርሚዲየስ የሚባለው የላቤዮባርበስ ዝርያ ነው። ኢንተርሚዲየስ በሁሉም ነገር መካከለኛ ነው፦ አፉ መካከለኛ፣ ከንፈሩ መካከለኛ፣ ጀርባው መካከለኛ። የሚበላውም ያገኘውን ነው። ከጣና ውጭም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በብዙ ወንዞቻችን ይገኛል። በተማሪዎቼ ላይ የማስገድደው ልምምድ፣ ሌላ ዓሣ ከመንካታቸው በፊት ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን ኢንተርሚዲየሶች ብቻ እየለኩ እንዲውሉ ነው። ያጉረመርማሉ። በማግስቱ ግን ሌላው ዝርያ ከዚህ መካከለኛ በየትኛው አቅጣጫ እንደራቀ ዐይናቸው ራሱ ይነግራቸዋል።

በመጀመሪያ አፉን በጎን ተመልከቱ። ወደ ፊት ያያል? ወደ ላይ ያዘነብላል? ወይስ ከአፍንጫው ሥር ነው? ቀጥላችሁ አፉን በጣት ክፈቱና ምን ያህል እንደሚሰፋ እዩ። ከጣና ላቤዮባርበሶች መካከል 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው፤ ይህም በካርፕ አስተኔ ዘንድ እንግዳ ነገር ነው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፣ ጨጓራም የላቸውም፤ ያደኑት ሁሉ በጉሮሯቸው ጥርሶች መካከል ማለፍ አለበት። ሜጋስቶማ በትልቅ አፉና በረጅም ጭንቅላቱ ይታወቃል። አኩቲሮስትሪስ አፍንጫው ሹል ነው። ማክሮፍታልመስ በትልቅ ዐይኑ፣ ሎንጊሲመስ በተሳበ ቀጭን ሰውነቱ ይለያል። ትሩቲፎርሚስ አጠቃላይ ቅርጹ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያስታውሳል። ፕላቲዶርሰስን ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱት፤ ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ዳይኔሊና ጎርጓሪ ከጭንቅላታቸው ኋላ ጎብጠዋል፤ ዳይኔሊ እ.ኤ.አ. በ1937 የጣሊያንን የጣና ጥናት ቡድን በመራው በጆቶ ዳይኔሊ የተሰየመ ነው።

አዳኝ ካልሆኑት ቀላሉ ኔድጂያ ነው፤ ሥጋማና የተንጠለጠሉ ከንፈሮቹን አንዴ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ይሁን እንጂ ወፍራም ከንፈር ያለው ላቤዮባርበስ ሁሉ ኔድጂያ አይደለም። በገናሌና በሌሎች የደጋ ወንዞቻችን እንዲህ ያለ ከንፈር ከጣናዎቹ ተለይቶ፣ ለብቻው በተደጋጋሚ በቅሏል። ከጣና ውጭ የያዛችሁትን ዓሣ በከንፈሩ ብቻ ብትሰይሙ ስሙ አይጸናም። ክራሲባርቢስ ጢሞቹ ወፍራም ናቸው። ብሬቪሴፋለስ አጭር ጭንቅላት ያለው፣ ከሌሎቹ ሲነጻጸር ትንሽ የሆነና በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን የሚለቅም ነው። ጻኔንሲስ አፉ ወደ ታች ነው፤ ሱርኪስ ዕፅዋት ያዘወትራል፤ ጎርጎሬንሲስ ዕፅዋትና ቀንድ አውጣ ይበላል። ቀለም በመዝገባችሁ ይግባ፣ ነገር ግን አይፍረድ። በአንድ ዝርያ ውስጥ ይለዋወጣል፣ ዓሣው ከሞተ በኋላ ይደበዝዛል፣ ፎርማሊን ደግሞ ብዙውን ያጠፋዋል።

አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መሮጥ እዚህ ሐይቅ ላይ አያዋጣም። ትልቅ ዐይን፣ ሹል አፍንጫና ቀጭን ሰውነት ተባብረው ሲመሰክሩ ነው ስም የሚጻፈው። ምስክሮቹ ካልተስማሙ ሆዱን ክፈቱ። የአንጀቱን ርዝመት ሳትወጥሩ ለኩ፤ ዓሣ በሊታው አጭር አንጀት አለው፣ ዕፅዋትና ደለል የሚበላው ረጅም። የመጀመሪያውን ስንጥብ ቅስት አውጥታችሁ በውስጥ በኩል ያሉትን ዘንጎች ቁጠሩ። ጥቃቅን እንስሳትን አጣርቶ የሚበላው ዘንጎቹ የተጠጋጉ፣ አዳኙ ደግሞ የተራራቁ ሆነው ታገኛላችሁ። የጉሮሮ አጥንቱን ለማውጣት ጭንቅላቱን በፈላ ውኃ ማለስለስ ይበቃል፤ ጥርሶቹ በሦስት ረድፍ ናቸው። ቀንድ አውጣ የሚሰብር ጥርስና ዓሣ የሚገፋ ጥርስ ቅርጻቸው አንድ አይደለም። ሆድ ውስጥ ያለውን ምግብም ጻፉ፤ የአንድ ቀን ምሳ መሆኑን ግን አትርሱ።

አሁን ወደ ዘረ መሉ እንምጣ፤ ተማሪዎቹ እዚህ ለመድረስ ሲቸኩሉ ነበር። ለዓሣ መለያነት በተለምዶ የሚነበበው የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል ዓሣው ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ፣ ላቤዮባርበስ ነው ወይስ ኢንቴሮሚየስ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። የጣናን ላቤዮባርበሶች እርስ በርስ ለመለየት ግን አይበቃም። መልካቸው እጅግ የተራራቀ ዝርያዎች አንድ ዓይነት የዘረ መል ቅደም ተከተል ይዘው ይገኛሉ። ምክንያቱ ዕድሜያቸው ነው። ከሐይቁ ሥር የተቆፈረው ደለል ጣና ከ16,000 ዓመታት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ዝርያዎቹ የዛሬውን መልካቸውን ከዚያ ወዲህ ይዘውት ከሆነ፣ በዝግመተ ለውጥ ሰዓት ትናንት ማታ ማለት ነው፤ ዘረ መሉ ልዩነቱን ለመመዝገብ ጊዜ አላገኘም። ከሐይቁ መውጫ በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ አጥሮታል።

ሌላም ችግር አለ። ትንንሾቹ ኢንቴሮሚየሶች 50 ክሮሞዞም ሲኖራቸው ላቤዮባርበስ 150 ያህል አለው፤ እያንዳንዱን ስድስት ጊዜ ተሸክሟል ማለት ነው። ለሁለት ቅጂ የተሠራ የትንተና ዘዴ ወስዳችሁ እዚህ ላይ ብትጭኑት ትርጉም የሌለው ሥዕል ይሰጣችኋል። ሰፊ የዘረ መል ንባብና ይህን የሚያውቅ ተንታኝ ካላችሁ ቀጥሉ። ከሌላችሁ ገንዘባችሁን ለካሊፐርና ለአልኮል አውሉት።

የጣና ላቤዮባርበሶች ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ናቸው ወይስ የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ መልኮች ለሚለው ክርክር ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው በክረምት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ቢያንስ 7 ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ የሚወጡበት ጊዜም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ሌሎቹ ወንዙ ላይ አይታዩም፣ ሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታሰባል። ስለዚህ የያዛችሁት ዓሣ ሆዱ እንቁላል የተሸከመ ከሆነ ደረጃውን፣ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ ከማንኛውም ልኬት ይበልጣል። የሚራባበት ቦታና ወቅት የተለየ ዓሣ ከጎረቤቱ ጋር አይቀላቀልም።

በዚህ ወቅት ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጋረድና በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማደንዘዝ ያደረሱት ጉዳት በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተደረጉት የመረብ ቅኝቶች ሲነጻጸሩ የጣና ላቤዮባርበስ ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ለጥናታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ጥቂት ብቻ ያዙ፤ እንቁላል የተሸከሙትን በተቻለ መጠን ከአጥማጆቹ ምርት ላይ ለኩና መልሱላቸው።

የቆዩ ጽሑፎችን ለማንበብ የስሞቹን ታሪክ ማወቅ ግድ ነው። የጀርመኑ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የመጀመሪያዎቹን ዝርያዎች ገለጸ፤ ናሙናዎቹ ፍራንክፈርት በሚገኘው ዜንከንበርግ ሙዚየም ናቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡለንጀር ለንደን ላይ ስሞችን አበዛ፤ በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ ሌሎች ጨመረ። በ1973 ባኒስተር ይህን ሁሉ ክምር ሰብስቦ ባርበስ ኢንተርሚዲየስ የሚል አንድ ዝርያ አደረገው። በ1990ዎቹ የሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ በአካል ቅርጽ፣ በአመጋገብና በመኖሪያ ለይተው ዝርያዎቹን እንደገና አቋቋሙ። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ሕግ ይህ ነው፦ በ1973 እና በ1990ዎቹ መካከል የተጻፈ የጣና መረጃ ላይ «ኢንተርሚዲየስ» የሚል ካነበባችሁ ከ15ቱ የትኛውም ሊሆን ይችላል። ከዛሬው ኢንተርሚዲየስ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አትደምሩት። «ባርበስ» የሚለውም የዛሬው ላቤዮባርበስ መሆኑን ልብ በሉ፤ ትንንሾቹም ያኔ በዚያው ስም ይጠሩ ነበርና ከመጠናቸው አረጋግጡ።

የቀረው ማቆየት ነው፤ ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። ፎርማሊን ዘረ መልን ስለሚያበላሽ አስቀድማችሁ ከቀኝ ጎኑ ክንፍ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱ። መቀሱን በየዓሣው መካከል አጽዱ። ከዚያ ትኩስ ሳለ ፎቶ አንሡ፦ አንድ አፉ ተዘግቶ፣ አንድ ተከፍቶ፣ አንድ ከላይ፣ ሁሉም ከማስመሪያ ጋር። የሆዱን ቀኝ ጎን ሰንጥቃችሁ ሙሉውን ዓሣ 4 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ውስጥ አስገቡ፤ ይህም በሱቅ ከሚሸጠው ፎርማሊን አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ነው። ጓንትና የተከፈተ መስኮት ያስፈልጋል፤ «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚሉትን አትስሙ። ለትልቅ ዓሣ ከሳምንት በላይ ይቆይ፣ በውኃ ደጋግማችሁ እጠቡና ወደ 70 በመቶ አልኮል አዛውሩት። ጅራቱ እንዳይታጠፍ ጠርሙሱ ከዓሣው ይርዘም፤ የተጣመመ ዓሣ እንደገና አይለካም።

የመለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ የእስክርቢቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል፣ ከውጭ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ ይወድቃል። ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ጥልቀት፣ የመረብ ዐይን፣ የለኪው ስም ይጻፍ። የቀን መቁጠሪያው የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ግለጹ። የክንፉ ቁራጭ፣ የፎቶውና የዓሣው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የዝርያው ስም በሌላ ወረቀት ይሁንና ማን፣ መቼ፣ በምን ምልክት እንደሰየመው ይጨመርበት። በኋላ ስሙን የሚቀይር ሰው ቢመጣ የእናንተን ወረቀት ሳያወጣ የራሱን ከጎኑ ይጨምራል። ከናሙናዎቹ ጥቂቶቹን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ወዳለው የእንስሳት ሙዚየም ለማስገባት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጠርሙሶቹን የምትልኩት ተቀባዩ እሺ ካለ በኋላ ነው።